ልጆቹ ባህር ስር ወርደው ምን ይሠራሉ? ስለ ኤይላቱ የዳይቪንግና የኮራል ትምህርት ለወላጆች የተደረገ ንግግር

እሺ እንደምን አመሻችሁ፣ እናቶች አባቶች፣ ቄሶቻችንም፣ ከሥራ ደክማችሁ ነው የመጣችሁት ስለዚ ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ። እዛ ኋላ የቆማችሁ ልጆች ወደፊት ኑ፣ ወንበር አለ።

ዛሬ የተጠራራነው ያ ደብዳቤ ቤታችሁ ከገባ ጀምሮ ስልኬ ስላላረፈ ነው። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ነው፣ አጭር ነው፣ የባዮሎጂ ክፍል ተማሪዎች ቀይ ባህር ዳር ያለችው ኤይላት ወርደው ዳይቪንግ (አየር ተሸክሞ ውሃ ስር መጥለቅ) እና የኮራል ሪፍ (ባህር ስር ኮራል የገነባው ግንብ) ኢኮሎጂ ይማራሉ፣ የወላጅ ፊርማ ይፈለጋል ይላል፣ በቃ። ልጁ ተርጉሞ ሲያነብላችሁ "ባህር ስር እንገባለን" ይላል፣ ከዛ በኋላ ያለውን ማን ይሰማል? አንድ አባት ማታ ደውለው "ልጄ፣ ውሃ እኮ እያሳሳቀ ነው ሚወስድ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ደጋ ላይ ላደገ ሰው ውሃ ማለት ክረምት ሲገባ ድንገት ሞልቶ ከብቱንም እረኛውንም ይዞ ሚሄድ ወንዝ ነው፣ ጣና ዳር ካላደጉ በቀር ዋና ሚባል ነገር ከየት ይመጣል። ስለዚ እኔ ዛሬ አትፍሩ ልላችሁ አልመጣሁም። ሚያስፈራው የቱ እንደሆነ፣ ማያስፈራው የቱ እንደሆነ ለይቼ ልነግራችሁ ነው፣ ከዛ ደሞ ልጆቹ እዛ ታች ምን እንደሚሠሩ፣ ምክንያቱም ይሄ ቲዩል አይደለም፣ ሽርሽር አይደለም ማለቴ ነው። ለኔ ይሄ ላብራቶሪ ነው፣ ላብራቶሪው ግን ውሃ ውስጥ ስለሆነ በሩን ለመክፈት ዳይቪንግ መማር ግድ ይላል።

ከሻርክ ልጀምር ምክንያቱም ሁሉም ሚጠይቀው እሱን ነው። የኤይላት ባህረ ሰላጤ ውስጥ ሻርክ አለ፣ ግን ጀማሪ ተማሪ በሚገባበት ቦታ ማየት ራሱ ብርቅ ነው፣ ዳይቨሮች አየን ብለው ሲያወሩት ነው ሚውሉት። በሱ ምትክ ድንጋይ ዓሣን ፍሩ፣ ቁርጥ ድንጋይ መስሎ መሬት ላይ የተኛ ዓሣ ነው፣ ጀርባው ላይ መርዝ ያለው እሾህ አለ፣ በባዶ እግር የረገጠው ሰው ስቃዩን አይረሳም። ለዚህ ነው ልጆቹ ከዳር ጀምሮ ጫማ ሳያደርጉ ማይገቡት። የወጋው ሰው እግሩን ሳያቃጥለው ሊችለው በሚችል ሙቅ ውሃ ይነክርና ወደ ሐኪም ይወሰዳል፣ ሙቀቱ መርዙን ያበርድለታል። ሌላው እሳት ኮራል ነው፣ ስሙ እንደሚለው ቆዳ ያቃጥላል። ዓሣውም ኮራሉም ግን መጥተው አይነኩህም፣ አንተ ነህ ምትነካቸው። እና የመጀመሪያው ሕግ እሱ ነው፣ ባህር ውስጥ ምንም ነገር አይነካም፣ ምንም።

አሁን ወደ ዋናው። ዳይቪንግ ላይ እውነተኛው አደጋ አውሬ አይደለም፣ ጫና ነው፣ ፕሬሸር። ይሄን ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም እናት ልጇ ምን እየተማረ እንደሆነ ስታውቅ እንቅልፍ ትተኛለች። አሁን እዚ ቁጭ ብለን ላያችን ላይ ያለው አየር አንድ ባር ያህል ይጫነናል፣ ለምደነው አይሰማንም። ውሃ ግን ከባድ ነው፣ 10 ሜትር በወረድክ ቁጥር አንድ ባር ይጨምራል፣ ስለዚ 10 ሜትር ላይ ጫናው እጥፍ ነው፣ 20 ሜትር ላይ ሶስት እጥፍ። ታዲያ ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ አይጨመቅም፣ ሚጨመቀው አየር ያለበት ቦታ ነው፣ ጆሮ፣ ሳይነስ (ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ክፍት ቦታ)፣ ሳንባ፣ ማስኩ ውስጥ ያለው አየር።

ጆሮ ገና አንድ ሁለት ሜትር ላይ መጫን ይጀምራል። መድሪኹ፣ አሠልጣኙ ማለቴ ነው፣ ሚያስተምራቸው አፍንጫን በሁለት ጣት ይዞ ቀስ ብሎ መንፋት ነው፣ ጆሮ ቷ ይላል ይከፈታል፣ እሱን ከማመሙ በፊት በየሜትሩ መሥራት። ካመመ ማቆም፣ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ማለት፣ እንደገና መሞከር። እምቢ ካለ በቃ ዛሬ ለሱ ልጅ ዳይቪንግ የለም፣ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ይመዘግባል፣ ማንም አይቆጣውም። ጉንፋን የያዘው ልጅ አይገባም። እዚ ላይ ልጆቹ ይዋሻሉ! አፍንጫቸው ታፍኖ "ደህና ነኝ" ይላሉ እንዳይቀርባቸው፣ ስለዚ እናቶች፣ ከቤት ሲወጣ እያስነጠሰ ከነበረ ለኔ መልእክት ላኩልኝ፣ እሱ እንዳያውቅ።

ሳንባ ደሞ ሌላ ነው፣ እዚ ላይ ነው አንድ ወርቅ ሕግ ያለው፣ ውሃ ስር አየር እየተነፈስክ ትንፋሽ አይያዝም። ለምን ቢባል፣ 10 ሜትር ላይ 4 ሊትር አየር ሳንባው ውስጥ ሞልቶ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የወጣ ልጅ፣ ላይ ሲደርስ ያ አየር 8 ሊትር ልሁን ይላል፣ ሳንባው ደሞ 8 ሊትር ቦታ የለውም። በቃ ይሄ ነው አደጋው። ስለዚ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገና ወገብ በማይሞላ ውሃ ውስጥ ተንበርክከው ሚለማመዱት መተንፈስ ነው፣ ወደ ውስጥ ረጅም፣ ወደ ውጪ ረጅም፣ ሬጉሌተሩ፣ አፍ ላይ ሚያዘው አየር መተንፈሻ፣ ከአፍ ቢወጣ እንኳ ፈልጎ እስኪመልሰው ድረስ ትናንሽ አረፋ እያወጣ። ማስኩ ውሃ ሲሞላበትም ያው፣ ከላይ ጫን አድርጎ በአፍንጫ ሲነፋ ውሃው ከታች ይወጣል። ይቺን የማስክ ነገር ሁሉም ይጠላታል፣ በተለይ ጨው ዓይን ውስጥ ሲገባ፣ የኤይላት ውሃ ደሞ ጨዋማነቱ አይጣል ነው፣ ሌላው ውቅያኖስ ኪሎው ላይ 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፣ እዛ 40 ያልፋል።

ብዙ ሰው ጀርባቸው ላይ ያለው ኦክስጅን ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ተራ አየር ነው፣ እዚ ምንተነፍሰው፣ ተጨምቆ የገባ። 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይዟል ማለት ነው፣ የቀረውን አየር ሚያሳየው ጌጅ 50 ባር ሳይደርስ ላይ መሆን አለባቸው። አየሩ ውስጥ አብዛኛው ናይትሮጅን ነው፣ እሱ ታች ስትቆይ ደም ውስጥ ይሟሟል፣ ቶሎ ከወጣህ አረፋ ይሆናል፣ ስለዚ ቀስ ብሎ መውጣት፣ 5 ሜትር ላይ ሶስት ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ። ከዳይቪንግ በኋላ 18 ሰዓት አውሮፕላን የለም የሚባለውም ለዚሁ ነው፣ እኛ ለነገሩ በአውቶቡስ ነው ምንመለሰው። የጀማሪ ልጅ ወሰኑ 18 ሜትር ነው፣ እኛ ግን እዛ ድረስ ምንወርድበት ምክንያት የለንም፣ ብርሃኑም ኮራሉም ዓሣውም ብዙው ከዛ በላይ ነው። ማንም ልጅ ብቻውን አይወርድም፣ ጥንድ ጥንድ ነው፣ ጓደኛህን ለአንድ ደቂቃ ካጣኸው ሁለታችሁም ትወጣላችሁ። ያ ነው ሕጉ፣ መደራደር የለም።

በቃ ስለ አደጋው ጨረስኩ፣ አሁን ደስ ወደሚለኝ ልሂድ።

ኮራል ምንድነው? ብዙዎቻችን ድንጋይ ይመስለናል፣ አንዳንዱ ደሞ ተክል ነው ይላል። እንስሳ ነው። ድንጋዩ የሠራው ቤት ነው፣ ባለቤቱ ያ ድንጋይ ላይ በሺ የሚቆጠሩ ትናንሽ አፎች ሆኖ ተቀምጧል፣ ፖሊፕ ይባላል እያንዳንዱ፣ ብዙው ከሽምብራ ፍሬ ያነሰ ነው፣ መሃሉ ላይ አፍ፣ ዙሪያውን ጣቶች። ጣቶቹን ብዙዎቹ ማታ ነው ሚዘረጉት፣ ውሃው ይዞ የሚመጣውን ጥቃቅን ነፍሳት ለመያዝ። ግን በዛ ብቻ አይኖርም። ሰውነቱ ውስጥ ራሱ በዓይን ማይታይ አልጌ ያስቀምጣል፣ አልጌው በፀሐይ ምግብ ይሠራል፣ ካመረተው አብዛኛውን ለኮራሉ ይሰጣል፣ ኮራሉ ደሞ መጠለያና ማዳበሪያ ይሰጠዋል። እዚ ያላችሁ ትልልቆች እኩል አራሽ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ይሄ ግን ከሚያመርተው እስከ ዘጠና በመቶውን ለባለመሬቱ ገባሪ ሆኖ እንኳን ደስ ብሎት የሚኖር እኩል አራሽ ነው። ልጆቹ ይሄን ሳስተምር ከሁሉም በላይ ሚገርማቸው የኮራሉ ቀለም ብዙ ጊዜ የአልጌው ቀለም መሆኑ ነው። ውሃው ከለመደው በላይ ሲሞቅ ሁለቱ ይጣላሉ፣ ኮራሉ አልጌውን አስወጥቶ ይጥለዋል፣ ቆዳው ብርሃን ያሳልፋል ስለዚ ከስር ያለው ነጭ ድንጋይ ይታያል፣ ነጣ የሚባለው ይሄ ነው። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፣ ርቦታል ነው። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ አልጌው ይመለሳል፣ ካልበረደ ይሞታል። ዓለም ላይ ብዙ ቦታ ከበጋው ከፍተኛ ሙቀት በላይ አንድ ዲግሪ ብቻ ጨምሮ ለተወሰኑ ሳምንታት ሲቆይ ኮራሉ ይነጣል፣ አንድ ዲግሪ ብቻ!

ይሄ ለምን ያሳስበናል ሚል ካለ፣ ኮራል ሪፍ ከባህር ወለል ውስጥ ከአንድ በመቶ በታች የሆነች ቦታ ይዞ ከባህር ዝርያዎች ውስጥ ወደ ሩብ የሚሆነው በሆነ የሕይወቱ ጊዜ እሱ ላይ ይኖራል። በቃ ይሄ ይበቃል።

ታዲያ ለምን ኤይላት? ቅርብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ኤይላት ያለው ሪፍ ዓለም ላይ በሰሜን በኩል ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው፣ ዝናብ በዓመት 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ወንዝ ሚባል አይገባበትም፣ ውሃው ለዚህ ነው ጥርት ያለው። ግን ዋናው ታሪኩ ሌላ ነው፣ እሱን ለመናገር ካርታ ላይ ወደ ታች መውረድ አለብን፣ ወደ ባብ ኤል ማንደብ፣ ከጅቡቲ ፊት ለፊት ያለችው ጠባብ በር። ቀይ ባህር ከውቅያኖስ ጋር በተፈጥሮ ሚገናኘው በሷ ብቻ ነው፣ ስዊዝ ሰው የቆፈረው ነው። ከ20,000 ዓመት በፊት ገደማ ዓለም በበረዶ ዘመን ላይ ነበረች፣ ውሃው በረዶ ሆኖ ተራራና አህጉር ላይ ስለቆመ ባህሩ 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። የባብ ኤል ማንደብ በር መግቢያው ላይ ያለው ደፍ ደሞ 137 ሜትር ብቻ ነው ጥልቀቱ። እና በሩ ሊዘጋ ትንሽ ቀረው፣ ቀይ ባህር ውሃው እየተነነ፣ አዲስ ውሃ እንደልብ ሳይገባ፣ ጨዋማነቱ 50 አለፈ፣ አብዛኛው ኮራል ያንን አይችልም።

ከዛ በረዶው ቀለጠ፣ ባህሩ ተመለሰ፣ ኮራሎችም ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል በዛች በር እንደገና ገቡ። የኮራል ልጅ እንቁላል ሆኖ ከዛ ትንሽ ዋናተኛ እጭ ሆኖ ነው በውሃ ሚጓዘው፣ አንድ ቦታ ያርፋል ያድጋል ይወልዳል፣ ልጆቹ ደሞ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ እንዲህ እያለ በሺ ዓመታት። ግን የደቡቡ ቀይ ባህር በሐምሌና በነሐሴ ከ30 ዲግሪ በላይ ሚሞቅ ነው፣ ሙቀት ያልቻለው እዛው ቀረ። ያን አልፎ ኤይላት የደረሰው ሙቀት የቻለው ብቻ ነው፣ ኤይላት ደሞ በበጋው ውሃው 27 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ለነሱ ቀዝቃዛ ማለት ነው። ይሄን ሐሳብ ፕሮፌሰር ማኦዝ ፋይንና ባልደረቦቹ በ2013 ነው ያሳተሙት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምቆጥረው)፣ በኋላም እዛው ኤይላት ባለው የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የባህር ሳይንስ ኢንስቲትዩት ገንዳ ውስጥ ኮራል አስቀምጠው ውሃውን ከተለመደው የበጋ ሙቀት በላይ ለሳምንታት አሞቁት፣ ሌላ ቦታ ቢሆን ሚነጣበት ሙቀት ላይ የኤይላቱ ደህና ቆየ። ስለዚ ሳይንቲስቶቹ ዓለም ላይ ኮራል ሲያልቅ መጨረሻ ሚቀረው ይሄ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ይሄ ማለት አይሞትም ማለት አይደለም፣ ሙቀት ቻለ ማለት ፍሳሽም ነዳጅም ቻለ ማለት አይደለም። ኤይላት ላይ ዓሣ ሚረባባቸው ትልልቅ ኬጆች ባህሩ ላይ ነበሩ፣ የዓሣዎቹ ምግብና ኩስ ውሃውን ያዳብረዋል አልጌ ያበዛል ተብሎ ስንት ዓመት ክርክር ሆኖ በ2008 ነው የተነሱት።

እዚ ጋ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ልጆቹ "ዳይቪንግ የኛ ነገር አይደለም፣ የፈረንጅ ነው" ሲሉ እሰማለሁ፣ ወላጅም ሚለው አለ። ሱዳን ባህር ዳር ላይ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን አሩስ ሚባል ቦታ አለ፣ ጣልያኖች በ1970ዎቹ የሠሩት መዝናኛ መንደር ነበር፣ ውሃ መብራት ስላልነበረው ትተውት ሄደዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሞሳድ፣ የእስራኤል የስለላ ድርጅት፣ ሰዎች የአውሮፓ ኩባንያ ነን ብለው ከሱዳን መንግሥት ተከራዩት፣ የዳይቪንግ ሆቴል ብለው ከፈቱት፣ እውነተኛ ቱሪስት ከአውሮፓ እየመጣ ይዋኝበት ይጠልቅበት ነበር፣ ቀን። ማታ ደሞ መኪናቸውን ይዘው በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነድተው ከገዳሪፍ አካባቢ ካምፖች ወገኖቻችንን፣ ወደ እስራኤል ለመግባት ሚጠብቁትን ቤተ እስራኤሎች፣ ያመጣሉ፣ ባህር ዳር የባህር ኃይል ኮማንዶዎች በጎማ ጀልባ ተቀብለው ወደ ትልቁ መርከብ፣ ባት ጋሊም ወደሚባለው ይወስዷቸዋል። ሰዎቹ መልእክት ሚላላኩበት ሬድዮ ተደብቆ የነበረው የት መሰላችሁ፣ የዳይቪንግ ዕቃ ሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ፣ ምክንያቱም እዛ ሰው አይገባም። በ1982 መጋቢት ላይ ወታደሮች ባህር ዳር ደርሰውባቸው ተኩስ ከተከፈተ በኋላ ነው ወደ አውሮፕላን የዞሩት። አሩስ ያለበት ባህርና ኤይላት ያለው ባህር አንድ ቀይ ባህር ነው፣ ያ ዓሣ ያ ኮራል ነው። እዚ አዳራሽ ውስጥ በዛ ጀልባ የወጣ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም፣ ካለ ለልጆቹ ቢያወራላቸው ደስ ይለኛል፣ ከኔ ንግግር ይበልጣል። ብቻ ዳይቪንግ የኛ ነገር አይደለም አትበሉኝ።

እሺ፣ ሥራቸው። ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ቀን ላይ ልጆቹ መተንፈሱም ማስኩም ሲለመድላቸው መሳሪያ ይሰጣቸዋል፣ መሳሪያ ስል ግራ አይግባችሁ፣ ሜትር፣ ፕላስቲክ ሰሌዳና እርሳስ ነው። ተራ እርሳስ ውሃ ስር ይጽፋል፣ እስክሪብቶ አይጽፍም። ሜትሩን 10 ሜትር ያህል ከባህሩ ዳር ጋር አብሮ ሚሄድ አድርገው ሪፉ ላይ ይዘረጋሉ፣ ከዛ ከዳር ጀምረው ከሜትሩ ስር ያለውን ብቻ ይጽፋሉ፣ ከዚ እስከዚ ደንዳና ኮራል፣ ከዚ እስከዚ አሸዋ፣ ከዚ እስከዚ የሞተ፣ ከዚ እስከዚ ለስላሳ ኮራል። በኋላ ይደመርና ከመቶ ስንቱ ሕያው እንደሆነ ይወጣል። ቀላል ነው አይደል? ይሄን ዘዴ ከየብስ እፅዋት ጥናት ወስዶ ኤይላት ሪፍ ላይ ያስገባው የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ዮሲ ሎያ ነው፣ ጥናቱ በ1972 ታተመ፣ ዛሬ ዓለም ላይ ሪፍ ሚያጠና ብዙ ሰው በዚህ ወይ ከዚህ በወጣ መንገድ ነው ሚሠራው። እና ልጆቻችሁ ዘዴው በተወለደበት ውሃ ውስጥ ነው ሚማሩት፣ ለባግሩት፣ ለሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና፣ ሥራቸውም ሚያቀርቡት ራሳቸው የሰበሰቡትን ቁጥር ነው።

አንዲት ልጅ ነበረች፣ ክፍል ውስጥ ድምጿ ማይሰማ፣ ሜትሩ አጠገብ አግድም ተንሳፍፋ ሳያት ገረመኝ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ፊኗ፣ እግር ላይ ሚጠለቀው የመዋኛ ክንፍ፣ እንኳን አይንቀሳቀስም፣ ትንፋሽ ስታስገባ በጣም ትንሽ ከፍ ትላለች ስታስወጣ ዝቅ ትላለች፣ ሰሌዳው ላይ "34–41 ስታይሎፎራ፣ ሸርጣን ውስጡ አለ" ብላ ጽፋለች፣ ስታይሎፎራ የኮራል ዓይነት ነው። ሸርጣኑን ማንም አልጠየቃትም። ግን ያ ሸርጣን ቅርንጫፉ መሃል ሚኖር የኮራሉ ዘበኛ ነው፣ ሊበላው ሚመጣውን ይቆነጥጣል፣ እኔ እሱን ለማሳየት ስንቴ ለፍቼ ማያዩት ልጆች አሉ። ያየችው ለምን መሰላችሁ፣ ዝም ብላ መንሳፈፍ ስለቻለች ነው። ያልቻለ ልጅ እጁን ያወናጭፋል፣ አሸዋ ያስነሳል፣ በፊኑ ኮራል ይሰብራል፣ አንድ ቅርንጫፍ ደሞ በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ሚያድገው። ስለዚ እኔ ጋ ሰሌዳ ሚሰጠው መንሳፈፍ ለቻለ ብቻ ነው፣ ካሜራ ደሞ ለማንም አይሰጥም። ልጆቹ ይሄን ይጠሉታል፣ ጎፕሮ ይዘው መጥተው ቦርሳ ውስጥ ሲቀርባቸው ያኮርፋሉ፣ ግን ካሜራ የያዘ ጀማሪ ራሱን አያይም፣ ጉልበቱ ኮራል ላይ ነው።

ሁለተኛው ሚቆጥሩት የባህር ጃርት ነው። ድሮ ኤይላት የሄዳችሁ ታስታውሱታላችሁ፣ ጥቁር ረጃጅም እሾህ ያለው፣ እግር ሚወጋው። በ2023 ከኤይላት ውሃ ጠፋ ማለት ይቻላል። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ኦምሪ ብሮንስታይን ቡድን ነው የተከታተለው፣ ደህና የነበረ ጃርት በሁለት ቀን ውስጥ ሥጋው አልቆ አጽም ይሆናል፣ ምክንያቱ በማይክሮስኮፕ ብቻ ሚታይ ጥገኛ ነፍስ ነው። እሾህ ቀረልን ብሎ ሚደሰት አለ፣ እንዳትደሰቱ! ጃርቱ ሥራው አልጌ መጋጥ ነው፣ ይሄኛው አልጌ ኮራሉ ውስጥ ያለው አይደለም፣ ላዩ ላይ በቅሎ ብርሃን ሚከለክለው ነው። ካሪቢያን ላይ በ1983 እና 84 ተመሳሳይ እልቂት ደርሶ ሪፉን አልጌ ወረሰው፣ እስካሁን በደንብ አላገገመም። ስለዚ ልጆቹ አንድ ጃርት ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ካገኙ ያን ቀን ወሬው እሱ ነው።

ዓሣውን ዘርዝሬ አልጨርሰውም፣ በቀቀን ዓሣ አለ በምንቃሩ ድንጋይ እየፋቀ አልጌ ሚበላ፣ ሆዱ ውስጥ ፈጭቶ አሸዋ አድርጎ ሚያወጣ፣ ከምትተኙበት ነጭ አሸዋ ውስጥ ስንቱ ከሱ እንደወጣ ብታውቁ… ይቅር። ክላውንፊሽም አለ፣ የቤቱ አለቃ ሴቷ ናት፣ እሷ ስትሞት ባሏ ሴት ይሆንና ቦታዋን ይወስዳል። ይሄን ስናገር አንድ ቄስ ሳቁ፣ አሁን አየኋቸው።

ከዚ በኋላ ጥያቄ ተነሳ፣ ሁሉንም ባልጽፈውም ዋና ዋናውን እነሆ።

አንዲት እናት ስለ ሴቶቹ ልጆች ልብስ ጠየቁ። ዌትሱት ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ነው ሚሸፍነው፣ እማማ፣ ላዩ ላይ ደሞ ጃኬቱና ሲሊንደሩ አለ፣ ከዳር ሆኖ ወንዱን ከሴት መለየት ይከብዳል። ውሃ ሙቀትን ከአየር ወደ 25 እጥፍ በፍጥነት ስለሚወስድ ማንም ሳይለብሰው አይገባም፣ ወንዱም። ፀጉር ግን እውነተኛ ጉዳይ ነው፣ ከማስኩ ጎማ ስር አንዲት ዘለላ ፀጉር ከገባች ውሃ ያስገባል። ሹሩባ ወደ ኋላ የተሠራች ልጅ ምንም ችግር የለባትም፣ እንደውም ከሁሉም ይሻላታል፣ ፊት ለፊት የተለቀቀ ዊግ ይዛ ምትመጣዋ ናት ቀኑን ሙሉ ማስክ ስታፈስ ምትውለው።

ሰንበት ላይ ዳይቪንግ የለም፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዕቃው ታጥቦ ይሰቀላል፣ ቅዳሜ ልጆቹ ያርፋሉ፣ ይሄ ከመጀመሪያው የተነጋገርንበት ነው።

"ልጄ ዋና አይችልም" ያሉ አባት አሉ፣ እሳቸው ማታ የደወሉልኝ ናቸው መሰለኝ። አባባ፣ ኮርሱ 200 ሜትር ሳያርፍ መዋኘትና 10 ደቂቃ ምንም ሳይዝ መንሳፈፍ ይጠይቃል፣ ፍጥነት አይጠየቅም፣ እየተኙ ቢዋኙም ይሆናል። ያን ያላሟላ ልጅ ባህር አይወርድም፣ ስለዚ ከጉዞው በፊት ገንዳ አለ፣ ማታ ማታ፣ ክፍያ የለውም። ልጅዎ ከዛ ውስጥ ባይሳካለት እንኳ ኤይላት ይመጣል፣ በስኖርክል፣ በመተንፈሻ ቱቦ፣ ከላይ ሆኖ ይቆጥራል፣ ሪፉ የሚጀምረው ከዳር ነው፣ ብዙው ከላይ ይታያል። መዋኘት መቻሉ ራሱ ግን ለእርስዎም እረፍት አይደለም እንዴ፣ ያለኛም ቢሆን ከጓደኞቹ ጋር ባህር መሄዱ መቼ ይቀራል።

ሌላ ወጣት፣ ተማሪ አይደለም፣ ወታደርነት የጨረሰ፣ ከዚ በኋላ ሥራው ምንድነው አለ። የዳይቪንግ መድሪኽነት አለ፣ ደመወዙ በወቅት ነው ሚወሰነው፣ ሰፊ አድርጌ አላሳይህም። የባህር ባዮሎጂ ትምህርት አለ፣ ረጅም ነው። የተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን የባህር ጠባቂዎች አሉት፣ የኤይላቱ የኮራል ጥብቅ ቦታ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም ሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። በሳይንስ ዳይቪንግ ላይ የኛ ሰው አሁንም ጥቂት ነው፣ ይሄን እያየሁ ነው ሚያናድደኝ፣ ባህሩ የአራት ሰዓት መንገድ ላይ ሆኖ።

መጨረሻ ላይ የጠየቁት አያት ናቸው፣ ልጆቹ ሲወርዱ እኛ የት ሆነን እናያለን አሉ። ኤይላት ላይ ከጥብቅ ቦታው አጠገብ የውሃ ውስጥ ማማ አለ፣ ከዳር በድልድይ ይገባል፣ ደረጃ ወርደው መስኮት ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ ሪፉ እዛው ነው፣ እግርዎ ሳይረጥብ። እኛ ዳይቪንግ ምናደርግበት ቦታ ግን ስላልሆነ ልጅዎን በመስኮት አያዩትም፣ ቃል አልገባም። ወላጅ አንድ ቀን መጥቶ ዳር ላይ መቀመጥ ይችላል፣ ጥላና ውሃ ይዛችሁ ኑ።

ፎርሙ በሩ ጋ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ በአማርኛ አስተርጉመነዋል። የጤና ጥያቄዎቹን በደንብ አንብቡ፣ ያላወቃችሁትን ባዶ ተዉት ሐኪሙ ኩፓት ሆሊም (ምትታከሙበት የጤና መድን ክሊኒክ) ላይ ይሞላዋል፣ ከሐኪም ፊርማ ውጪ አልቀበልም። አስም ወይ የጆሮ ቀዶ ጥገና የነበረው ልጅ ያላችሁ ትንሽ ቆዩና ለየብቻ እናውራ።